ከፍትፍቱ ፊቱ፤ በምግብ ቤት ስለ ሹካና ስለ እጅ ውኃ

ማዕድ የሰው ምግባር ሳይሸፈን ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። ሰው በአደባባይ ሲናገር ወይም በሥራው ላይ ሲታይ ጠባዩን ሊሰውር ይችላል፤ በገበታ ፊት በተቀመጠ ጊዜ ግን አስተዳደጉም፣ ለባልንጀራው የሚያስበውም አሳብ በግልጥ ይታያል። ይህም ለሚበላው ብቻ ሳይሆን ለሚያበላውም የሚነገር ነው። አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ሲሉ የተናገሩት፣ እንግዳን የሚያጠግበው የቀረበለት ምግብ ብቻ ሳይሆን የተቀበለው ፊት ጭምር መሆኑን ሲያስረዱን ነው።

የተወደዳችሁ አንባብያን፤ በዚህ ዓምድ ስለ ቤት ገበታ ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ዛሬ ግን ከቤታችን ወጥተን ወደ ምግብ ቤት እንገባለን። ምክንያቱም የቤተ ሰቡ ገበታ ከቤት ውጭ የሚዘረጋበት ቀን እየበዛ መጥቷል። ልጅ ሲመረቅ፣ ዘመድ ከሩቅ አገር ሲመጣ፣ ጾም ሲፈታ፣ አባትና እናት ልጆቻቸውን ይዘው ወይም ልጆች ወላጆቻቸውን ይዘው ወደ ምግብ ቤት መሄድ በገጠር ከተሞች እንኳ የተለመደ ሆኗል። ስለዚህ በምግብ ቤት ገበታ ላይ ሹካው፣ ቢላዋውና ማንኪያው እንዴት ሊቀርቡ እንደሚገባ፣ አሳላፊውም እንዴት ሊያገለግል እንደሚገባው ማወቅ፣ ለባለ ምግብ ቤቱ ብቻ ሳይሆን ለቤተ ሰብ አሳዳጊም የሚጠቅም ትምህርት ነው። ለዚህ አሳብ ያነሣሣን በሰቆጣ ከተማ ያየነው አንድ ነገር ስለ ሆነ፣ አስቀድመን እርሱን እንተርካለን።

ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ከዛጉዌ ነገሥታት ዘር እንደሚወርዱ የሚነገርላቸው የዋግ ሹሞች መናገሻ የነበረች፣ የአሞሌ ጨው ነጋዴዎችም የሚገናኙባት የታወቀች ገበያ የነበረች አገር ናት። ከአንድ ዓለት የተፈለፈለው የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በአጠገቧ ይገኛል። የፍልሰታ ጾም በተፈታ ጊዜ፣ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ፣ ልጃገረዶቿ ለምለሙን ሻደይ በወገባቸው አስረው እየዘፈኑ በየደጁ ይዞራሉ። በእነዚህ ቀኖች ከገጠርም ከሩቅ ከተማም የሚመጣው እንግዳ ብዙ ስለ ሆነ፣ ምግብ ቤቶቹ ሁሉ ሞልተው ይውላሉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያ ቀን በቀትር ጊዜ ከከተማዋ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ገባን። የቤቱን ስም አንጠራም፤ የምንናገረው ጉድለት በብዙ ከተማ የሚገኝ እንጂ የአንድ ቤት ብቻ አይደለምና። የጠረጴዛው ልብስ አዲስ ነበር። በየብርጭቆው ውስጥ የወረቀት መሐረብ ታጥፎ ተሰክቷል። በየሰሐኑም ግራና ቀኝ ሹካና ቢላዋ ተቀምጧል። ዐይን የሚያየው ሁሉ ያማረ ስለ ነበረ ደስ ብሎን ተቀመጥን።

በአጠገባችን ካለው ጠረጴዛ ዕድሜያቸው ከሰባ ዓመት የሚበልጥ፣ ጋቢ የለበሱ አንድ አረጋዊ ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀምጠው ነበር። ከንግግራቸው እንደ ተረዳነው፣ ልጅቱ በቅርቡ በመምህርነት የተቀጠረች ስትሆን፣ ከመጀመሪያው ደመወዟ ከፍላ አያቷን ከጾም ልታስፈታ ከገጠር አስመጥታቸዋለች። የበግ ጥብስና እንጀራ ቀረበ። አረጋዊው እጃቸውን ከጋቢያቸው አውጥተው ጥቂት ጠበቁ። ከዚያም ወደ አሳላፊው ዘወር ብለው፣

«ልጄ፣ የእጅ ውኃ የለም ወይ?» ሲሉ ጠየቁ።

አሳላፊውም ሌላ ትእዛዝ ይዞ እየተቻኰለ፣ «አባባ፣ ቧንቧው ዛሬ ውኃ የለውም። ሹካው ቀርቦልዎታል እኮ!» ብሎ አለፈ።

አረጋዊው ሹካውን አንሥተው ወዲያና ወዲህ አገላበጡና በቀስታ መልሰው አስቀመጡት። እጃቸውንም ወደ ጋቢያቸው መልሰው፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እኔስ ጠግቤያለሁ» አሉ። ልጅቱም፣ «አባቴ፣ ትንሽ እንኳ ቅመሱልኝ እንጂ» ብትላቸው፣ «አንቺ ብዪ፤ ስትበዪ ባይ ይበቃኛል» ብለው መለሱላት። የዐሥራ አምስት ቀን ጾም ጾሞ፣ ከገጠር መንገድ ገብቶ፣ በሽታው የሚያውድ ጥብስ ፊት የተቀመጠ ሰው ጠግቤያለሁ ሲል ምን ማለቱ እንደ ሆነ ለማንም የተሰወረ አይደለም። የልጅቱ ዐይን እንባ ሞላ። ያን ሁሉ ቀን ስታስበው የቈየችው ግብዣ በአንድ ጣሳ ውኃ እጦት ኀፍረት ሆነባት።

በዚህ ጊዜ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ትመለከት የነበረች ሰሐን አጣቢ ወጣት ወደ ውስጥ ተመልሳ፣ በአንድ እጇ ጆግ፣ በሌላው ሳፋ ይዛ መጣች። ነጠላዋን በትከሻዋ ላይ አጣፍታ፣ ከአረጋዊው ፊት ዝቅ ብላ እጃቸውን አስታጠበቻቸው። እሳቸውም፣ «ልጄ፣ እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» ብለው መረቋት፤ ገበታውን ባርከውም ከልጅ ልጃቸው ጋር በሉ። ይህን ያዩ በዙሪያው የነበሩ ሰዎች አንድ በአንድ እጃቸውን ወደ ጆጉ ዘረጉ። እኛም ሹካ በእጃችን ይዘን ከነበርነው መካከል ነበርንና፣ አስቀምጠን እጃችንን ዘረጋን። ያስቀመጥነውን ሹካ በብርሃን ባየነው ጊዜም፣ የጧቱ እንግዳ የበላው እንቁላል በጣቶቹ መካከል ደርቆ አገኘነው።

እንግዲህ ለመናገር የተነሣንበት ነገር ይህ ነው። በዚያ ቤት ሹካው የመጣው ለእንግዳው ክብር እንዲጨምር ነበር፤ ነገር ግን የእጁን ውኃ ለማስቀረት ምክንያት ሆነ፤ ራሱም አልታጠበም። ስለዚህ እንግዳው ከሁለቱም ሥርዓት ወጣ። የአባቶቹን ሥርዓት አጣ፤ አዲሱንም በሙሉ አላገኘም።

በእጅ መብላት ሥርዓት የሌለው አበላል የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ይህ አሳብ ትክክል አይደለም። በአገራችን ልማድ ገበታ ከመቅረቡ አስቀድሞ ብላቴናው ፎጣ በትከሻው ጥሎ፣ ኩስኩስቱንና የመታጠቢያውን ሳፋ ይዞ ይመጣል፤ ካህን ካለ ከካህኑ፣ ከዚያም ከሽማግሌውና ከእንግዳው ጀምሮ ያስታጥባል። ገበታው ሳይባረክ እጅ አይሰነዘርም። ወጡን የቤቱ እመቤት በጭልፋ እያወጣች ለእያንዳንዱ በፊቱ ታደርግለታለች። ተመጋቢውም ከፊቱ ካለው ብቻ በቀኝ እጁ ጣቶች ጫፍ ይቈርሳል እንጂ፣ መዳፉን ወጥ አያስነካም፣ ወደ ባልንጀራው ፊት አይሻገርም፣ ጣቱንም አይልስም። መጠጥ የሚቀዳው ሰው አስቀድሞ በመዳፉ ጥቂት አንጠፍጥፎ ይቀምሳል። ምግቡ ሲያበቃ ውኃው ለሁለተኛ ጊዜ ይመጣል። በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት ደግሞ እንግዳውን በየማዕርጉ የሚያስቀምጠው አጋፋሪ፣ ምግቡንና መጠጡን የሚያቀርበው አሳላፊ ተብሎ ለየሥራው ሰው ተሠይሞ ነበር። የዋግ ሹሞች አገር የነበረችው ሰቆጣም ይህን ሥርዓት ከሌላ አገር የምትማር አይደለችም።

ከገበታ ዕቃዎችም አብዛኞቹ ለእኛ እንግዶች አይደሉም። ጭልፋና የቀንድ ወይም የእንጨት ማንኪያ ከጥንት ጀምሮ በቤታችን ነበሩ። ቢላዋም ቢሆን በግብር አዳራሽ ብርንዶ ሲቀርብ ተጋባዡ ራሱ እየቈረጠ የሚበላበት መሣሪያ ነበር። በኋላ የመጣው ሹካ ነው። ስሙ እንኳ ከየት ወገን እንደ ሆነ ይናገራል፤ በዐረብኛ ሸውካ ማለት እሾህም ሹካም ነው፤ በግእዛችንም ሦክ እሾህ ማለት ነውና፣ ቃሉ ለጆሯችን የሩቅ ዘመድ ነው።

ሹካ ለአውሮጳውያንም ቢሆን ከአዳምና ከሔዋን ጀምሮ የነበረ ዕቃ አልነበረም። በዐሥራ አንደኛው መቶ ዓመት ከቊስጥንጥንያ ወደ ቬኒስ የተዳረች አንዲት የንጉሥ ዘመድ ምግቧን በጣቷ ሳትነካ በወርቅ ሹካ በመብላቷ፣ በምዕራብ አገር ከካህናት ወገን ነቀፋ ተጽፎባታል። ቶማስ ኮርያት የተባለ እንግሊዛዊ መንገደኛም በ1611 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ ኢጣልያውያን ሥጋ ሲቈርጡ በሹካ ደግፈው ሲይዙ ማየቱንና እርሱም ልማዱን መውሰዱን ቢገልጥ፣ ለአገሩ ሰዎች መሣለቂያ ሆነ። ይህ የሆነው ከዛሬ 400 ዓመት ጥቂት አልፎ ነው። ዛሬም የሕንድ ሕዝብ ብዙው በእጁ፣ የቻይናና የጃፓን ሕዝብ በሁለት ቀጫጭን እንጨቶች ይመገባል። እንግዲህ የሕዝብ ሥልጣኔ የሚለካው በያዘው ዕቃ ዓይነት ሳይሆን፣ ዕቃውንም እጁንም በንጽሕና በመያዙ ነው።

በአገራችን የሆቴል ገበታ መጀመሪያ ሲነሣ የሚጠራው በእቴጌ ጣይቱ ብጡል አሳቢነት በ1890ዎቹ ፍጻሜ ግድም በአዲስ አበባ የተከፈተው ሆቴል ነው። በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ሰው በገንዘቡ ገዝቶ በሕዝብ ፊት መብላትን እንደ ነውር ይቈጥረው ስለ ነበረ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው ከበሉ በኋላ ሒሳቡን ከፍለው አርኣያ እንደ ሆኑ ይተረካል። ይህ ትረካ ለባለ ምግብ ቤት ሁሉ የሚጠቅም ምክር በውስጡ አለ። ሰዉ ያፈረው በገንዘብ የተገዛ ገበታ እንግዳነትን የሚያጠፋ ስለ መሰለው ነበርና። ስለዚህ ሒሳብ የሚከፍል እንግዳ እንግዳነቱ እንዳልቀረ በአቀባበል ማሳየት የባለ ምግብ ቤቱ ፈንታ ነው። በኋላም በ1928 ዓ.ም. የገባው የኢጣልያ ወረራ በከተሞች ፓስታን አስለመደ፤ በ1960ዎቹ መግቢያም የሆቴል ሥራን የሚያስተምር ማሠልጠኛ በአዲስ አበባ ተቋቁሞ ብዙ አሳላፊዎችንና ወጥ ሠሪዎችን አወጣ።

እኛ የሹካ ጠላቶች አይደለንም። ፓስታን፣ ሩዝንና በሰሐን የሚቀርብ ሥጋን በሹካ፣ ሾርባን በማንኪያ መብላት የሚገባ ነው፤ እጁ የታመመ ወይም የቈሰለ ሰውም በዚህ ይረዳል። ልጆቻችንም ነገ ወደ ልዩ ልዩ አገርና ማኅበር የሚገቡ ስለ ሆኑ፣ በሁለቱም ሥርዓት ሳያፍሩ መብላትን ቢማሩ መልካም ነው። ስለዚህ የሹካውን ሥርዓት በአጭሩ እንናገራለን።

ሹካ ከሰሐኑ በግራ፣ ቢላዋ በቀኝ ስለቱ ወደ ሰሐኑ ተመልሶ፣ የሾርባ ማንኪያም ከቢላዋው በስተ ቀኝ ይቀመጣል። ዕቃው ብዙ ከሆነ ተመጋቢው ከውጭው ጀምሮ ወደ ውስጥ እያለ ይጠቀማል። አሳላፊው ከትልቅ ሳሕን እየጨለፈ የሚያድል ከሆነ በእንግዳው ግራ ይቆማል፤ መጠጥ የሚቀዳውና ያለቀውን ሰሐን የሚያነሣው ግን በቀኝ በኩል ነው። ተመጋቢው በልቶ መጨረሱን ለማስታወቅ ሹካውንና ቢላዋውን በሰሐኑ ላይ ጎን ለጎን ያጋድማቸዋል፤ ገና ካልጨረሰ ለያይቶ ያስቀምጣቸዋል። አሳላፊ ሹካንና ማንኪያን በእጀታቸው እንጂ ወደ አፍ በሚገባው በኩል አይይዝም። ብርጭቆንም ከታች እንጂ ከከንፈሩ አያነሣም፤ አውራ ጣቱንም ወደ ወጡ አያስገባም። ይህ ሁሉ አንድ ሳንቲም የማያስወጣ፣ ጥንቃቄን ብቻ የሚጠይቅ ነው።

ከአቀማመጡ የሚበልጠው ግን አጠባው ነው። የሹካ ጣቶች መካከል ጠባብ ስለ ሆነ፣ ከማንኪያና ከቢላዋ ይልቅ ትርፍራፊ የሚደብቀው እርሱ ነው። በመጀመሪያ ትርፍራፊው ይራገፋል፤ ቀጥሎ ዕቃው በሙቅ ውኃና በሳሙና ጣቶቹ መካከል እየተፈተገ ይታጠባል፤ በሁለተኛ ሳፋ በንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል፤ በሦስተኛው ደግሞ ሙቀቱ ከ77 ዲግሪ በማያንስ ውኃ ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ይቈያል። ሰቆጣን በሚያህል ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ፣ ገና ከፈላበት የተቀዳ ውኃ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ማገዶ የሚቸግር እንደ ሆነ፣ ከመቶ 5 እጅ ጥንካሬ ያለውን በረኪና በ10 ሊትር ውኃ ከ2 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ አድርጎ በዚያ መዘፍዘፍ ይቻላል። ከዚህ በኋላ ዕቃው ተደርድሮ በነፋስ ይድረቅ እንጂ በጨርቅ አይወልወል፤ ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ሲጠርግ የዋለ ጨርቅ የታጠበውን መልሶ ያሳድፈዋልና።

በዚህ ላይ የጾመኛን ነገር መጨመር ይገባናል። ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም በአጽዋማት ጊዜ፣ በአንድ ወጥ ቤት የጾምና የፍስክ ምግብ ጎን ለጎን የሚሠራባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ሥጋውን ያማሰለው ማማሰያ ወደ ሽሮው ድስት ቢገባ፣ ቅቤ የነካው ጭልፋም በያይነቱ ቢወጣበት፣ ጾመኛው ሳያውቅ ይበላል፤ ባለ ቤቱ ግን በእምነት የመጣውን እንግዳ አታልሎታል። የጾሙን ማማሰያ፣ ጭልፋ፣ ቢላዋና መክተፊያ ለይቶ ማስቀመጥ፣ በእጀታቸውም ላይ ክር ወይም ምልክት ማሰር ከባድ ነገር አይደለም። ይህ መለየት ለማይጾመውም ይበጃል፤ ጥሬ ሥጋ የከተፈ ቢላዋ ሳይታጠብ ሰላጣ ወይም ቲማቲም ቢከትፍ በሽታ ያስተላልፋልና።

«ውኃ ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። ጥያቄውም እውነተኛ ነው። ዋግ ዝናም የሚያጥርባት አገር ናት፤ በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅና ረኃብ እጅግ ከተጎዱት መካከል ነበረች፤ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነትም ከተማዋና አካባቢዋ ብዙ መከራ አይተዋል። እንዲህ ያለውን ዘመን አልፎ ደጁን የከፈተ ባለ ምግብ ቤት የሚመሰገን እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ሒሳቡን አብረን እንመልከተው። ለአንድ ሰው ግማሽ ሊትር ውኃ ብናደርግ፣ 20 ሊትር የሚይዝ አንድ ጀሪካን 40 እንግዶችን ያስታጥባል። ይህ በውኃ እጥረት ቀን እንኳ ሊታሰብበት የሚችል መጠን ነው። እጁም ከሳሙና ጋር 20 ሴኮንድ ያህል ቢታሽ ይነጻል፤ እጅ እየታሸ ሳለ ውኃ መፍሰስ አያስፈልገውምና፣ የሚያስታጥብ ሰው ካለ ውኃው ከተከፈተ ቧንቧ ይልቅ ይቈጠባል። ኩስኩስት የአባቶች ጌጥ ብቻ ሳይሆን ውኃ ለሚያጥረው አገር የተስማማ ዘዴ እንደ ነበረም ከዚህ እንረዳለን።

ይህን ማድረግ እንደምንችል ራሳችን አይተናል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን መግባቱ በታወቀ ጊዜ፣ በየምግብ ቤቱ ደጃፍ ቧንቧ የተበጀላቸው በርሜሎችና ጀሪካኖች ከነሳሙናቸው ቆሙ። ሰውም ሳይታጠብ አይገባም ነበር። ሥጋቱ ሲቀልል ግን ብዙዎቹ ደረቁ፤ አንዳንዶቹም የአበባ መትከያ ሆኑ። ፍርሃት ያስለመደንን መልካም ነገር ፍርሃቱ ሲያልፍ መተው የልጅነት ሥራ ነው።

ለሰቆጣ ደግሞ ይህ ነገር ከሌላው ከተማ ይልቅ ስሟን የሚነካ ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም.፣ ማለት በአውሮጳውያን አቈጣጠር እስከ 2030፣ ለማጥፋት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በዚህችው ከተማ ስም ተጠርቷል። ቃል ኪዳኑ እህልን ብቻ ሳይሆን ንጹሕ ውኃንና ንጽሕናን ጭምር የሚመለከት ነው፤ ባልታጠበ እጅ የጎረሰ ሕፃን በተቅማጥ ተይዞ የበላውን ምግብ ጥቅም ያጣዋልና። በስሟ እንዲህ ያለ ቃል የተገባባት ከተማ፣ በምግብ ቤቶቿ ደጅ ውኃና ሳሙና ባይታጣ ለስሟ የሚስማማ ይሆናል።

ከእንግዳው በኩልም ሊታረም የሚገባ አለ። አሳላፊን በጭብጨባና በፉጨት መጥራት፣ ልጅን እንደ ባሪያ ማዘዝ፣ ሽማግሌ ሳይታጠብ ቀድሞ መሰንዘር፣ የፈሰሰውንና የተረፈውን እንዳሻው በትኖ መነሣት ከመልካም አስተዳደግ የራቀ ነው። ሳይታጠብ ከሚቀርብ ሹካ ይልቅ ውኃ የሚጠይቅ እንግዳ አስቸጋሪ ተብሎ ሊታይ አይገባውም፤ እንግዳውም ሹካው ቈሽሾ ባየ ጊዜ ሳይቈጣና ሳይሳደብ በትሕትና እንዲለወጥለት ይጠይቅ። ወላጆች ይህን ለልጆቻቸው በቤት ያስተምሩ። ጌታችን በጸሎተ ሐሙስ የደቀ መዛሙርቱን እግር ዝቅ ብሎ ማጠቡን የሚያውቅ የክርስቲያን ልጅ፣ ሰውን ማስታጠብ የውርደት ሥራ እንዳይመስለው በቤቱ ውስጥ ጆጉን ተሸክሞ አባቱንና እናቱን፣ እንግዳውንም ያስታጥብ።

ወደ ጀመርነው ነገር እንመለስ። ሒሳባችንን ስንከፍል የቤቱን ባለቤት አግኝተን ስለ ሆነው ነገር በቀስታ አጫወትነው። ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም። «ሹካና ቢላዋ ያልቀረበበት ቤት ሆቴል አይባልም፣ የከተማ እንግዳም አይመጣበትም ብለው መክረውኝ፣ ብዙ ገንዘብ አውጥቼ ገዛሁት። ስለ ውኃው ግን ማንም የነገረኝ የለም» አለን። እውነቱን ነው። ለሹካው የመከረው ሰው ስለ ሳፋው አልመከረውም ነበር። ያቺ ሰሐን አጣቢ ወጣት ያመጣችውም ውኃ ለሠራተኞቹ መጠጥ ተቀድቶ የተቀመጠ እንደ ነበረ የሰማነው ያን ጊዜ ነው። ማንም ሳያዛት፣ ከራሷና ከጓደኞቿ መጠጥ ቀንሳ ለማታውቃቸው ሽማግሌ ሰጠች።

እንግዲህ በዋግም ሆነ በሌላ አገር ምግብ ቤት የምትከፍቱ ወንድሞችና እኅቶች፣ በሹካ ላይ ከምታወጡት ገንዘብ አስቀድማችሁ ለአንድ ጀሪካን፣ ለአንድ ሳፋ፣ ለአንድ ጆግና ለሳሙና አውጡ። ደጅ ላይ ቆሞ የሚያስታጥብም አንድ ሰው መድቡ፤ ደመወዙንም ከአሳላፊው አታሳንሱ። ከዚህ በኋላ ሹካው ይምጣ፤ ታጥቦም ይምጣ። ሹካ ለወደደ ሹካ፣ እጁን ለወደደ ውኃ ባለበት ቤት፣ ከገጠር የመጣ አያት ከልጅ ልጁ ጋር ሳያፍር ይበላል። አረጋዊው ሲወጡ በወጥ ቤቱ በር በኩል አልፈው፣ ያቺን ወጣት ለሁለተኛ ጊዜ ሲመርቋት ሰምተናል። ለሹካው ግን ያመሰገነ ሰው በዚያ ቀን አልሰማንም።